አፍንጫ ሥር የሚቆም ቴአትር፦ የብሪታንያ «ኢን-የር-ፌስ» ተውኔቶች ምንድን ናቸው?

በ2025 መጀመሪያ ላይ በለንደኑ ሃሮልድ ፒንተር ቴአትር ይታይ የነበረ አንድ ተውኔት መሀል ላይ እየተቋረጠ ዜና ሆኖ ነበር። ያቋረጠው የመብራት መጥፋት ወይም የተዋናይ መታመም አይደለም፤ ተመልካቾች በተቀመጡበት ራሳቸውን ይስቱ ስለነበር ነው። «ዘ ይርስ» የተባለው ይህ ሥራ የኖቤል ተሸላሚዋ ፈረንሳዊት አኒ ኤርኖ ስለ ሕይወቷ ከጻፈችው መጽሐፍ የተወሰደ ነው። ሰዎችን የጣላቸው ትዕይንት ደግሞ ፅንስ ማቋረጥ በፈረንሳይ ወንጀል በነበረበት በ1960ዎቹ አንዲት ወጣት በድብቅ ያሳለፈችውን ሥቃይ የሚተርክ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በአልሜዳ ቴአትር በታየበት ጊዜም እንዲሁ ሆኖ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያው በ2025 ሰኔ ወር ሮያል ኮርት የተባለው የለንደን ቴአትር ቤት ሣራ ኬን የጻፈችውን የመጨረሻ ተውኔት፣ ከ25 ዓመት በፊት በተጫወቱት በእነዚያው ሦስት ተዋንያንና በዚያው አዘጋጅ እንደገና ለመድረክ አብቅቶታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጋዜጦች ሊያጠፏት የተነሡባት ደራሲ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ትጠናለች፣ በኦፔራም ትዘመራለች። እነዚህ ሁለት ዜናዎች አንድ ጥያቄ ያስነሣሉ፤ ሰው ገንዘብ ከፍሎ፣ ለብሶና አጊጦ፣ የሚያስደነግጠውንና የሚያስጸይፈውን ነገር ለማየት ለምን ይሄዳል? ጸሐፊዎቹስ ተመልካቻቸውን በዚህ መንገድ ለምን ይተናኮሉታል?

ስሙ ከየት መጣ?

«ኢን-የር-ፌስ» ቃል በቃል «ፊትህ ላይ» ማለት ነው። በ1970ዎቹ ከአሜሪካ የስፖርት ሜዳዎች የወጣ የአራዳ አነጋገር ሲሆን፣ አንዱ ተጫዋች ሌላውን አፍንጫ ለአፍንጫ ተጠግቶ የሚያሳየውን ድፍረት ይገልጻል። ቃሉን ለቴአትር በስፋት ያዋለው አሌክስ ሲርዝ የተባለ ብሪታንያዊ ሐያሲ ነው፤ በ2001 የታተመውና በ1990ዎቹ የተነሡትን ወጣት ጸሐፌ ተውኔቶች ያጠናበት መጽሐፉም በዚሁ ስም ይጠራል። ጸሐፊዎቹ ግን አብረው ተሰብስበው ማኅበር አላቋቋሙም፣ የጋራ መግለጫም አላወጡም። አንዳንዶቹ እንዲያውም ስሙን አይወዱትም። ስለዚህ «ኢን-የር-ፌስ» ስንል የተደራጀ ንቅናቄ ማለታችን ሳይሆን በአንድ ዘመን በብዙ እጆች የታየ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ማለታችን ነው።

የአጻጻፉ ጠባይ የሚታወቀው በሚያነሣው ርእስ ሳይሆን ተመልካቹን በሚያስቀምጥበት ቦታ ነው። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። አዝማሪው ጥግ ላይ ቆሞ ስለ ፍቅር ሲያንጎራጉር እንግዳው ብርሌውን ይዞ በሰላም ያዳምጣል። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ከፊቱ መጥቶ ስለ ቦርጩና ስለ ኪሱ ግጥም ማውረድ ሲጀምር ግን አዳማጭነቱ ያበቃል፤ ቤቱ ሁሉ ወደ እርሱ ይዞራል፣ መሳቁም መቆጣቱም የጨዋታው አካል ይሆናል። ኢን-የር-ፌስ ቴአትር የሚፈልገው ይህን ቅጽበት ነው። ልዩነቱ አዝማሪው ነገሩን በሰም ለብጦ ሲያቀርበው፣ እነዚህ ጸሐፊዎች ሰሙን ሆን ብለው አቅልጠው የሚጥሉት መሆናቸው ነው።

በ1995 ምን ተፈጠረ?

ነገሩን በአንድ ተውኔት ማየት ይሻላል። ጥር 12 ቀን 1995 በሮያል ኮርት ፎቅ ላይ በምትገኝ፣ መቶ ሰው እንኳ በማትይዝ ትንሽ አዳራሽ «ብላስትድ» የተባለ ተውኔት ተከፈተ። ጸሐፊዋ ሣራ ኬን የ23 ዓመት ወጣት ነበረች፤ አዘጋጁ ጄምስ ማክዶናልድ ነው።

መጋረጃው ሲገለጥ የሚታየው በሊድስ ከተማ የሚገኝ እጅግ ውድ የሆነ የሆቴል ክፍል ነው፤ ትልቅ አልጋ፣ መጠጥ የተሞላ ማቀዝቀዣ፣ የአበባ እቅፍ አለበት። ኢያን የተባለ የ45 ዓመት የወሬ ጋዜጣ ዘጋቢ ኬት ከምትባል የ21 ዓመት ወጣት ጋር ይገባል። ኢያን ይጠጣል፣ ያስላል፣ ጥቁሮችንና የውጭ አገር ሰዎችን ይሰድባል፣ በስልክ ደግሞ በኒው ዚላንድ ስለ ተገደለች አንዲት እንግሊዛዊት ወጣት የጻፈውን ዜና ነጥብና ሰረዙን ሳይቀር እየጠራ ለጋዜጣው ያስመዘግባል። ሌሊቱን ኬትን ይደፍራታል። ድርጊቱ መድረክ ላይ አይታይም፤ ተመልካቹ የሚያየው ማግስቱን ጠዋት የተበታተነ የአበባ እቅፍ ነው። እስከዚህ ድረስ ሥራው የእንግሊዝ ቴአትር የለመደው ዓይነት የሁለት ሰዎች የቤት ውስጥ ታሪክ ነው።

ከዚያ በሩ ይንኳኳል። መሣሪያ የያዘ ወታደር ይገባል፤ የየትኛው ጦር እንደ ሆነ አይነገርም። ጥቂት ቆይቶ ክፍሉን የሞርታር ጥይት ይመታዋል፣ ግድግዳው ይፈርሳል፣ ያ ውድ ሆቴል በአንድ ጊዜ የጦር ሜዳ ይሆናል። ወታደሩ በጦርነት ያየውንና የፈጸመውን ይተርካል፤ ኢያንም ጋዜጠኛ ስለሆነ እንዲጽፍለት ይጠይቀዋል። የኢያን መልስ ይህን ዓይነት ወሬ ማንም ሊሰማው እንደማይፈልግ፣ የእርሱ ሥራም እንዳልሆነ መናገር ነው። ወታደሩ ኢያንን ይደፍረዋል፣ ዓይኖቹን ያወጣቸዋል፣ በኋላም ራሱን ይገድላል። ቀጥሎ የሚመጡት አጫጭር ምስሎች የባሱ ናቸው፤ ረኃብ ያሳበደው ዓይነ ስውር ሰው የሞተ ሕፃን እስከ መብላት ይደርሳል።

ይህን ብቻ የሰማ ሰው ተውኔቱ የጭካኔ ክምር ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ በጊዜው የተጻፉትም አብዛኞቹ ሒሶች ከዚህ አላለፉም። ነገር ግን ጽሑፉን ቀረብ ብሎ ለሚያየው ሌላ ሥርዓት አለው። በትዕይንቶቹ መሀል የሚሰማው ድምፅ የዝናብ ነው፤ መጀመሪያ የፀደይ፣ ቀጥሎ የበጋ፣ ቀጥሎ የመኸር፣ በመጨረሻም የክረምት ከባድ ዝናብ። አንድ ሌሊት የመሰለን ነገር አንድ ዓመት ሙሉ ሆኖ እናገኘዋለን። በመጨረሻው ምስል ኢያን ከወለሉ ጣውላ በታች ገብቶ ራሱ ብቻ ይታያል፣ በፈረሰው ጣሪያ የሚወርደው ዝናብም ይመታዋል። ኬት ምግብና መጠጥ ይዛ ትመለሳለች፤ ከእግሮቿ መካከል የሚወርደው ደም ምግቡን እንዴት እንዳገኘችው ያስታውቃል፤ እርሷ ከበላች በኋላ የቀረውን በእጇ ታጎርሰዋለች። የተውኔቱ የመጨረሻ ንግግር የእርሱ ነው፦ «አመሰግናለሁ።»

ሐያስያኑ ለምን ያን ያህል ተቆጡ?

የዴይሊ ሜይል ጋዜጣ ሐያሲ ጃክ ቲንከር ሥራውን «ይህ አስጸያፊ የቆሻሻ ድግስ» ብሎ ጠራው። ሌሎቹም በየፊናቸው ተመሳሳይ ነገር ጻፉ፤ ጉዳዩ ከባህል ዓምድ ወጥቶ ወደ ዜና ገጽና ወደ ቴሌቪዥን ክርክር ተሻገረ። ሮያል ኮርት ከመንግሥት ድጎማ የሚያገኝ ተቋም በመሆኑ የግብር ከፋዩ ገንዘብ ለዚህ ይዋል ወይ የሚለው ጥያቄም ተነሣ። በሌላ በኩል ሃሮልድ ፒንተርና ኤድዋርድ ቦንድን የመሳሰሉ አንጋፋ ጸሐፌ ተውኔቶች ለወጣቷ ጥብቅና ቆሙ። የጋርዲያኑ ሐያሲ ማይክል ቢሊንግተን ከዓመታት በኋላ መጀመሪያ የሰጠው ፍርድ ስሕተት እንደ ነበር በግልጽ አምኗል።

ከቁጣው በስተጀርባ የነበረው ቁም ነገር የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የቅርጽ ጥያቄም ነው። ሐያስያኑ የሆቴሉ ታሪክና የጦርነቱ ታሪክ በምን እንደሚገናኙ አልታያቸውም፤ ወታደሩ ከየት መጣ፣ እንዴትስ በሊድስ ከተማ ጦርነት ይነሣል አሉ። መልሱ ከተውኔቱ አጻጻፍ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ኬን በመጀመሪያ ትጽፍ የነበረው በአንድ ክፍል ውስጥ ስላሉ ወንድና ሴት ብቻ ነበር። ሥራው ላይ እያለች በቴሌቪዥን በቦስኒያ የምትገኘው ስሬብሬኒጻ ተከብባ የምትማቅቅበትን ዜና ተመለከተች፤ አንዲት አሮጊት እያለቀሱ እርዳታ ሲለምኑ አየች። የጀመረችው ታሪክ በዚህ ፊት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ራሷን ጠየቀች፣ ቀጥሎም ሁለቱ ታሪኮች አንድ መሆናቸው ታያት። በእርሷ አመለካከት በሆቴል ክፍል ውስጥ አንዲትን ሴት የሚያዋርድ እጅ በሌላ አገር የጅምላ ግፍ ከሚፈጽመው እጅ ጋር ዝምድና አለው፤ አንዱ ዘር ነው፣ ሌላው አዝመራ። ግድግዳው ሲፈርስ የሚፈርሰው «ያ እዚያ ነው፣ እኛ እዚህ ነን» የሚለው እምነት ነው።

ስለዚህ ተውኔቱ የመታው አንድ ምቾትን ነው፤ ጦርነትን ሳሎን ተቀምጦ በስክሪን የማየትን ምቾት። የወሬ ጋዜጣ ዘጋቢው ኢያን «ማንም ሊሰማው አይፈልግም» ብሎ ያልተቀበለውን ታሪክ የእውነቶቹ ጋዜጦችም በተመሳሳይ ንዴት መመለሳቸው፣ ደራሲዋ ያላሰበችው ተጨማሪ ትዕይንት ይመስላል።

ክፍሉ ትንሽ መሆኑ ምን ለውጥ ያመጣል?

እኔ እስከሚገባኝ ድረስ የዚህ ቴአትር ዋና መሣሪያው ደም ሳይሆን ርቀት ነው። ሲኒማ ከዚህ የከፋ ጭካኔ በየሳምንቱ ያሳያል፤ ማንም ግን አይጮኽም። የፊልም ተመልካች ድርጊቱ ቀደም ብሎ ተቀርጾ እንዳለቀ ያውቃል፤ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ዞር ቢል ማንም አያየውም። በትንሽ አዳራሽ ግን ተዋናዩ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ይተነፍሳል፣ ላቡ ይታያል፣ ትንባሆው ይሸታል። ተነሥቶ ለመውጣት የፈለገ ተመልካች በተዋንያኑ ፊት ማለፍ አለበት፤ መውጣቱ ራሱ በሁሉ ፊት የሚፈጸም ድርጊት ይሆናል። ዝም ብሎ መቀመጡም ቢሆን የራሱ ትርጉም አለው፤ ሰው ሲጎዳ እያየሁ ለምን አልተነሣሁም የሚለውን ጥያቄ ይዞት ይሄዳል።

ድሮስ ይህ ይፈቀድ ነበር?

አልነበረም። በብሪታንያ ከ1737 ጀምሮ ማንኛውም አዲስ ተውኔት ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ጽሑፉ ለንጉሣዊው ቤት ሹም፣ በእኛ አገር የቤተ መንግሥት ማዕርግ እልፍኝ አስከልካይ ልንለው ለምንችለው ለሎርድ ቻምበርሌን ቢሮ መቅረብ ነበረበት። የቢሮው አንባቢዎች ጽሑፉን በሰማያዊ እርሳስ እየሰረዙ ይመልሱት ነበር። ሕጉ የወጣው በጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ዋልፖል ጊዜ ሲሆን፣ መነሻውም የሥነ ምግባር ጭንቀት ሳይሆን መድረክ ላይ ይሰነዘርበት የነበረ የፖለቲካ ቀልድ ነበር።

በ1965 የኤድዋርድ ቦንድ «ሴቭድ» ለቢሮው ቀረበ። በዚህ ተውኔት ሥራ ፈት ወጣቶች በመናፈሻ ውስጥ በጋሪ የተኛ ሕፃን በድንጋይ ወግረው ይገድላሉ። ቢሮው ትዕይንቱ እንዲወጣ አዘዘ፤ ጸሐፊው እምቢ አለ። ሮያል ኮርት በሕጉ ቀዳዳ ለመጠቀም ሲል ራሱን ለአባላት ብቻ የሚያሳይ ክበብ አደረገ፤ ያም ሆኖ ተከስሶ በ1966 ጥፋተኛ ተባለ። ቅጣቱ ግን ቀላል ነበር፣ ክርክሩም ሳንሱሩን ለመጣል ለሚታገሉት ጉልበት ሆናቸው። በ1968 መስከረም ወር የቴአትር ሕጉ ተሻረ፤ የ231 ዓመት ቅድመ ምርመራ በዚያው አበቃ። በማግስቱ ተዋንያን ራቁታቸውን የሚታዩበት «ሄር» የተባለ ሙዚቃዊ ተውኔት ለንደን ላይ ተከፈተ፤ ሕጉ ሥራ ላይ እስኪውል ሲጠብቅ ነበር።

አዲሱ ሕግ ብልግናን አሁንም ወንጀል ያደርጋል፤ ነገር ግን ሥራው በሙሉ ታይቶ እንዲመዘን ያዛል፣ ክስ ለመመሥረትም የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን ፈቃድ ይጠይቃል። ይህች ሐረግ ምን ያህል እንደምትከላከል በ1980 ታየ። በለንደኑ ብሔራዊ ቴአትር የቀረበው የሃዋርድ ብረንተን «ሮማውያን በብሪታንያ» አንድ የሮማ ወታደር አንድ ወጣት ካህን ለመድፈር ሲሞክር ያሳይ ነበር፤ ደራሲው የጥንቱን ወረራ በጊዜው የብሪታንያ ጦር በሰሜን አየርላንድ ከነበረው ሁኔታ ጋር አያይዞታል። በሥነ ምግባር ዘመቻቸው የታወቁት ሜሪ ዋይትሃውስ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን ፈቃድ ስላላገኙ የቴአትር ሕጉን ትተው፣ በወንዶች መካከል የሚፈጸም አሳፋሪ ድርጊትን ማመቻቸት በሚለው የ1956 የወሲብ ወንጀሎች ሕግ አዘጋጁን ማይክል ቦግዳኖቭን በግል ከሰሱ። ወይዘሮዋ ተውኔቱን አላዩትም፤ ምስክራቸው እንዲያይ የላኩት ጠበቃ ነበር። በ1982 ጉዳዩ በኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት ሲሰማ ጠበቃው ከአንድ ሺህ በላይ ሰው በሚይዘው አዳራሽ ከኋላ መደዳ ተቀምጦ እንደ ነበር ወጣ። አየሁት ያለው ብልት ምናልባት የተዋናዩ አውራ ጣት ሊሆን እንደሚችል በመስቀለኛ ጥያቄ አመነ። ክሱ በዚያው ፈረሰ። እዚህም ላይ ጉዳዩን የወሰነው ርቀት ነው፤ ያው ጠበቃ በሮያል ኮርት ፎቅ ላይ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ አውራ ጣትን ከሌላ ነገር መለየት አያቅተውም ነበር።

ለምን በ1990ዎቹ?

ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሁሉም ግን እኩል አይመዝንም። የበርሊን ግንብ ፈርሶ የርእዮተ ዓለም ጎራዎች ሲበተኑ የቀደመው ትውልድ የፖለቲካ ተውኔት የሚመካበት ካርታ ጠፋ። አዲሶቹ ጸሐፊዎች በማርጋሬት ታቸር ዘመን ያደጉ፣ ገበያ የሁሉ ነገር መለኪያ ሲሆን ያዩ ናቸው። በዚያ ላይ ከ1992 ጀምሮ ሮያል ኮርትን የመራው ስቲቨን ዳልድሪ የመጀመሪያ ሥራቸውን ለጻፉ ወጣቶች በሩን በሰፊው ከፈተ፤ የለንደኑ ቡሽና የኤዲንብራው ትራቨርስ የተባሉት ቴአትር ቤቶችም እንዲሁ። ትንንሽ አዳራሾችና ድጎማ ባይኖሩ ኖሮ እነዚህ ሥራዎች ከጠረጴዛ መሳቢያ አይወጡም ነበር፤ ለትርፍ የሚሠራው የዌስት ኤንድ ቴአትር በታላላቅ ሙዚቃዊ ትርኢቶች ተይዞ ነበር።

የገበያውን ነገር በተለየ ሁኔታ የያዘው የማርክ ሬቨንሂል የ1996 ተውኔት ነው። ርእሱ «ሾፒንግ» ብሎ ይጀምርና በጨዋ ሰው ፊት በማይነገር ቃል ያበቃል፤ ከንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን በ1889 የወጣ የማስታወቂያ ሕግ ስለሚከለክል ቃሉ በየግድግዳው በሚለጠፈው ማስታወቂያ ላይ ሙሉ በሙሉ አይጻፍም ነበር። ገጸ ባሕርያቱ ማርክ፣ ሮቢ፣ ጋሪ የሚሉ ስሞች የተሰጧቸው በጊዜው ወጣቶችን ካሳበደው ቴክ ዛት ከተባለው የሙዚቃ ቡድን ነው። የሚበሉት ለአንድ ሰው ታሽጎ የሚሸጥና በማይክሮዌቭ የሚሞቅ ምግብ ነው፤ ምግቡ ለአንድ ሰው የተመጠነ ስለሆነ ተካፍሎ መብላት እንኳ ያስቸግራቸዋል። ከመካከላቸው አንዱ ስሜት እንዳይገባበት ሲል ወዳጅነትን በገንዘብ ብቻ ለመግዛት ይወስናል። በመድረኩ ላይ የሚታየው ወሲብ ብዙ ቢወራበትም ወንድሞች በአንድ መሶብ በሚቀርቡበት ባህል ላደገ አንባቢ ከሁሉ የሚከብደው ይህ የብቻ ምግብ ሳይሆን አይቀርም።

ተመልካቹ በእርግጥ ይጎዳል?

መድረክ ላይ የሚፈስሰው ደም የተቀባ ፈሳሽ ነው፤ ድብድቡ ልክ እንደ ውዝዋዜ እርምጃ በእርምጃ ይጠናል፤ የወሲብ ትዕይንቶችንም በዛሬው አሠራር ለዚሁ የሠለጠነ ባለሙያ ከተዋንያኑ ጋር ተስማምቶ ያዋቅራቸዋል። ሮያል ኮርት ራሱ በ2017 በወቅቱ ኃላፊዋ በቪኪ ፌዘርስቶን መሪነት የሥራ ቦታ የሥነ ምግባር ደንብ አውጥቷል።

ራስን መሳቱ ግን እውነተኛ ነው፣ የሕክምና ማብራሪያም አለው። በአንዳንድ ሰዎች ላይ ደም ወይም ጉዳት ማየት፣ ወይም አጥብቆ ማሰብ ብቻ፣ የልብ ምትን በድንገት ይቀንሳል፣ የደም ሥሮችን ያሰፋል፤ የደም ግፊት ሲወርድ ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም ለጥቂት ጊዜ ያንስና ሰውየው ይወድቃል። ላቦራቶሪ ገብተው መርፌ ሲያዩ የሚንሸራተቱ ሰዎች ላይ የሚደርሰውም ይኸው ነው። ሞቅ ባለ አዳራሽ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ያባብሰዋል። በ2016 የኬን «ክሌንስድ» በኬቲ ሚቸል አዘጋጅነት በብሔራዊ ቴአትር ሲታይ በርካታ ሰዎች ወድቀው ነበር። «ዘ ይርስ» ላይ የሚያስገርመው አብዛኛው ነገር በቃል መተረኩ ነው፤ ሰውን የሚጥለው ራሱ አእምሮው የሚሥለው ሥዕል ነው።

ተቃዋሚዎቹ ምን ይላሉ?

የመጀመሪያው ተቃውሞ ድንጋጤ ይለመዳል የሚል ነው። ዛሬ ያስጮኸ ትዕይንት ነገ ያዛጋል፤ ጸሐፊው ውጤቱን ለማግኘት መጠኑን መጨመር ይኖርበታል፣ በመጨረሻም ጭካኔው ከሐሳቡ ይቀድማል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በተመረጠ ስድብና በተረጨ ደም ብቻ ዝና የፈለጉ ሥራዎች ስለ ነበሩ ክሱ መሠረት አለው። ኬን ራሷም ከ«ብላስትድ» ሦስት ዓመት በኋላ በጻፈችው «ክሬቭ» ጭካኔን ከመድረክ አውጥታ አራት ድምፆችን ብቻ አስቀርታለች።

ሁለተኛው የማስጠንቀቂያ ጉዳይ ነው። ቴአትር ቤቶች አሁን ትኬት ከመሸጣቸው በፊት ሥራው ምን እንደያዘ ያሳውቃሉ። ተዋናይ ሬፍ ፋይንስ በ2024 ይህ ልማድ ይቅር፣ ተመልካች መደንገጥ አለበት ብሎ ሲከራከር፣ ሌሎች ደግሞ የደረሰበትን ግፍ መድረክ ላይ ሳይዘጋጅ እንዲያይ የሚገደድ ሰው ቴአትርን ሳይሆን ቁስሉን ብቻ ይዞ ይወጣል ይላሉ።

ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ የሚተናኮለው ማንን ነው የሚለው። በ2004 ታኅሣሥ ወር በርሚንግሃም ሪፐርተሪ ቴአትር የጉርፕሪት ካውር ባቲን «ቤዝቲ» አሳየ፤ የሲክ እምነት ተከታይ በሆነች ደራሲ የተጻፈው ይህ ተውኔት በቤተ ጸሎት ውስጥ የሚፈጸም የመድፈር ወንጀልንና ግድያን ያነሣል። የማኅበረሰቡ አባላት ድርጊቱ የሚፈጸምበት ቦታ እንዲለወጥ ጠየቁ፣ አልተቀበሏቸውም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተሰብስበው መስኮቶች ተሰበሩ፣ ተመልካቾች እንዲወጡ ተደረገ፣ ትርኢቱም ተሰረዘ። ደራሲዋ የግድያ ዛቻ ደርሶባት ተደበቀች። ምቾት ያለውን መካከለኛ መደብ በራሱ አዳራሽ መጎንተልና በአገሩ ውስጥ ራሱን አናሳ አድርጎ የሚያይ ማኅበረሰብን የተቀደሰ ቦታ መንካት አንድ ዓይነት ድፍረት ናቸው ወይስ ሁለት? በብሪታንያ ይህ ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

አፍሪካስ በዚህ ውስጥ የት አለች?

በ2005 ሮያል ኮርት በትልቁ መድረኩ የዴቢ ታከር ግሪንን «ስቶኒንግ ሜሪ» አሳየ። ታሪኩ ሦስት ነው፤ አንድ የመድኃኒት ማዘዣ ብቻ ያላቸው ኤድስ የያዛቸው ባልና ሚስት፣ ልጃቸው በወታደርነት የተወሰደባቸው ወላጆች፣ በድንጋይ ተወግራ እንድትሞት የተፈረደባት ወጣት። እንግሊዛዊ ተመልካች እነዚህን ነገሮች ከዜና አውታር ያውቃቸዋል፣ «የአፍሪካ ችግር» በሚል ፋይልም አስቀምጧቸዋል። ጥቁር እንግሊዛዊት የሆነችው ጸሐፊ ግን ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ ነጮች እንዲሆኑና ታሪኩ በሚታይበት አገር እንዲፈጸም በጽሑፉ አዘዘች። ይህ ብቻ በቂ ነበር፤ ደም ሳይረጭ፣ ማንም ሳይራቆት፣ ፋይሉ ተከፈተ።

ከዚህም የቀረበ ነገር በዚያው መድረክ ላይ ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ታይቷል። ገጣሚውና ጸሐፌ ተውኔቱ ለምን ሲሳይ በእንግሊዝ ከኢትዮጵያዊት እናት ተወለደ፤ እናቱ ለትምህርት የመጣች ነበረችና ለጊዜው ብቻ እንዲጠብቁላት የሰጠችው ሕፃን በሌላ ስም ለአሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጠ። በ12 ዓመቱ ቤተሰቡ ሲመልሰው ከአንዱ የሕፃናት ማሳደጊያ ወደ ሌላው ተዘዋወረ፤ «ለምን» የሚለውን ስሙን ያገኘው ከማሳደጊያ ሲወጣ ነው። ኃላፊነት የነበረበትን የአካባቢ አስተዳደር ከሰሰ፤ ለክሱም የሥነ ልቡና ባለሙያ ልጅነቱ ያደረሰበትን ጉዳት መርምሮ ረጅም ሪፖርት ጻፈ። ለምን ሪፖርቱን ብቻውን ማንበብ አልፈለገም። ለአንድ ምሽት ብቻ በሮያል ኮርት መድረክ ላይ ወጣ፤ ተዋናይት ጁሊ ሄዝመንዳልሽ ሪፖርቱን ጮክ ብላ አነበበች። በአዳራሹ የነበረው ሰው በሙሉ፣ እርሱም ጭምር፣ ይዘቱን የሰማው በዚያች ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።